አከራዩ እኔ ነኝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ግብር ማለት ሰው የሚሸሸው ነገር ነበር። እኔ ራሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ታይፕ ይዤ ስንት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ፣ ግብር በዛብኝ የሚል እንጂ ግብሬን ተቀበሉኝ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ያየሁት አሁን በስተርጅና ነው፤ ያውም እኔው ግቢ ውስጥ፣ ያውም ፈረንጅ።

ቶማስ ይባላል፣ አገሩ ቼክ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ካባቴ የወረስኩትን ቤት ታውቂው የለ፣ የጓሮዋን ሰርቪስ ተከራይቶ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራው ሥዕል ነው፤ የልጆች መጻሕፍት ላይ የሚወጣ ሥዕል። ቀጣሪ የለው፣ አለቃ የለው፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይስልና በኢንተርኔት ይልከዋል፣ አውሮፓ ያሉ አሳታሚዎች ይከፍሉታል። ታዲያ አማርኛው ደህና ነው፣ ብቻ አንተና አንቺ ይምታታበታል፤ እርስዎን ጭራሽ አያውቃትም። እኔን የሚያህል ሽማግሌ፣ “ጋሼ፣ አንቺ ደህና አደርሽ?” ይለኛል። ለምጄዋለሁ፣ ደህና አደርኩ እላለሁ።

እና አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ መጣና፣ “ጋሼ፣ እኔ ግብር መክፈል እፈልጋለሁ። አንቺ ማመልከቻ ጻፊልኝ” አለኝ።

“ማን ጠየቀህ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ካልጠየቁህ?”

“አገሬን ጠየቅሁ። የምትኖረው እዚያ ነው፣ እዚያው ክፈል አሉኝ። እዚህ ደግሞ የሥራ ፈቃድ አወጣሁ እንጂ ግብር አልከፈልኩም። ሦስት ዓመት መንገዱን እሄድበታለሁ፣ እጄን የተቆረጥኩ ጊዜ ጤና ጣቢያው ሰፍቶልኛል። ጥሩ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዴም ሊያልቅ ነው፤ ሲጠይቁኝ መዋሸት አልፈልግም።”

ጻፍኩለት፤ አብሬውም ሄድኩ። ግብር ቢሮው ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችን፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ወረቀቱን አንብባ ቀና አለችና፣ “አባባ፣ ይቀነስልኝ ነው የሚለው?” አለችኝ።

“የለም ልጄ፣ ውሰዱልኝ ነው የሚለው።”

ሳቀች። እና ወደ እሱ ዞራ፣ “ገንዘቡ የሚመጣልህ ከውጭ ከሆነ እዚያ አትከፍልም?” አለችው።

“እዚያ አይቀበሉም። አንተ ተቀበለኝ” አላት፣ እሷን ደግሞ አንተ ብሎ።

ታዲያ አለቃዋን ጠይቃ ተመለሰች። “የሚኖረው እዚህ ስለሆነ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ እዚህ ነው የሚከፍለው። ያለፈውንም አብሮ ያስታውቅ። እና የቤት ኪራይ ውል ያምጣ፣ አከራዩ የፈረመበት፣ የአከራዩም የግብር መለያ ቁጥር ያለበት” አለች።

እዚያ ላይ ልጄ፣ ዓይኔን ወለሉ ላይ ጣልኩ። አከራዩ እኔ ነኛ። ሦስቱን ዓመት ኪራዩን ተቀብዬ በኪሴ ከመክተት በቀር ለማንም አስታውቄ አላውቅም፤ ከሱ በፊት የነበሩትንም እንደዚያው። ቶማስ፣ “አከራዬ እኮ...” ብሎ ጀመረና ፊቴን አየ። አየኝና፣ “እሺ፣ አመጣለሁ” አላት።

ቤት ስገባ ለየሺ ነገርኳት። ባለቤቴን ታውቂያታለሽ። “ይውጣ” አለች። “ሌላ ቤት ይከራይና የዚያን ሰውዬ ውል ይውሰድ። እኛ በዚች ጡረታ ላይ ቅጣት ልንከፍል ነው?” እኔም፣ አልዋሽሽም፣ ልክ ናት ብያለሁ። ሦስት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ልነግረው ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ብገባ ቀለሞቹን በካርቶን እየከተተ አገኘሁት። “ጋሼ፣ አትጨነቂ። ስድስት ኪሎ ቤት አገኘሁ። አዲሱ ሰውዬ ውል ይሰጠኛል” አለኝ።

“ያለፈውን ሦስት ዓመትስ የት ነበርኩ ልትል ነው?”

ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። “እሱን አላወቅሁም። የሆነ ነገር እላለሁ። ያንቺን ስም ግን አልናገርም።”

አየሽ ልጄ፣ ለራሱ አልዋሽም ያለ ሰው ለእኔ ሊዋሽ ነው። ልናገር የመጣሁትን ሳልናገር ተመለስኩ፤ ምሳ ቀረበ፣ ሳልነካው ተውኩት። ተነሳሁና ወረቀት አውጥቼ ውሉን በእጄ መጻፍ ጀመርኩ።

የሺ፣ “ምን እያደረግህ ነው?” አለች።

“ውል እየጻፍኩ።”

ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ ደረደረች። እና እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች መጣችና፣ “ቤቱ የሁለታችን አይደል? የኔስ ፊርማ የት ላይ ነው?” አለች።

በማግስቱ ቶማስን ይዤ ያቺው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። “ልጄ፣ አከራዩ እኔ ነኝ። ኪራዩን አስታውቄ አላውቅም” አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ባለፈው ለምን አልነገሩኝም?”

“ፈርቼ።”

“ቁጭ ይበሉ አባባ” አለች፣ ወንበር ስባ።

ቅጣቱ አልቀረልንም። ብቻ ለሁለታችንም በየወሩ ተከፋፍሎ ተሠራልን። ቶማስ እናቱን ሊጠይቅ ለአውሮፕላን ያስቀመጠው ሄደ፤ እናቱን ያያቸው በዓመቱ ነው፣ ደግነቱ በጤና ቆዩት። የኛም ለጣሪያ ቆርቆሮ የያዝነው ሄደ፤ ክረምቱን ሳሎን ውስጥ ባልዲ ደቅነን ከረምን። የሺ ባልዲውን በደፋች ቁጥር ታየኛለች። ቢሆንም የቶማስ መኖሪያ ፈቃድ ታደሰለት፣ ካርቶኑንም መልሶ ፈታው። አሁንም እዚያው ጓሮ ነው፣ አሁንም አንቺ ይለኛል።

ከቅጣቱ ይልቅ የከበደኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ሰው ለኔ ብሎ ሊዋሽ መሆኑ ነው። ገንዘቡንስ ከፍዬ ጨረስኩት።

“እኔ ብሆን ግን ጋሼ፣ አልፈርምም ነበር” አልኳቸው።

(እየሳቁ) እኔስ ብትይ? አልፈርምም ብዬ አይደል ወደ ጓሮ የሄድኩት።