ሕጉን ሁሉ የምታውቅ ልጅ

መምህር ሠርፀ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ሚኒባስ የተሳፈሩት ብቻቸውን ነበር። ልጃቸውን አዜብን ሊመልሱ ሄደው፣ አልሄድም ብላቸው፣ እህታቸው ወይዘሮ አሰፋች ቤት ትተዋት መምጣታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ነቀምቴ ውስጥ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ቀና ብለው ሰው ማየት አቅቷቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ዘወር ብላ አየቻቸውና ፊቷ በራ።

"አከም ጅርቱ ጋሼ! ዱረቲ ነኝ እኮ፣ ያስተማሩኝ!"

አወቋት። እሷም መንገዱ ላይ ባለችው ጉቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆናለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎቿ ማጠናከሪያ ልትሰጥ እየሄደች ነበር።

"አዜብስ ደህና ናት?"

ሽማግሌው ደህና ናት ሊሉ አስበው ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ግን ነገሯት። አዜብ በነርስነት በማዕረግ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ፈታኙ "ዋት ዱ ዩ ዱ?" አላት። ሥራሽ ምንድን ነው ማለቱ ነው። እሷ ግን አሁን ምን እያደረግሽ ነው ያላት መስሏት፣ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ ስትል "አይ አም ሲቲንግ ኦን ኤ ቼር" ብላ መለሰች። ፈታኞቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም። ሲሬ አክስቷ ቤት ከገባች ወር አልፏታል፤ ከደጅ አትወጣም።

"ዛሬ ጠዋት ‹የሰዋስው ሕጉን ረስተሽው ነው፣ በይ ንገሪኝ› አልኳት" አሉ መምህር ሠርፀ። "አንድም አልሳተች። አራቱንም የእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ዓይነቶች ከነአመሠራረታቸው፣ እንባዋ እየወረደ እንደ ዳዊት ደገመችልኝ። ከዚያ ‹ይበቃል አባዬ ወይስ ልቀጥል?› አለችኝ።"

ሰው ዕድሜ ልኩን ሲኮራበት የኖረው ነገር በአንድ ጠዋት ሲከዳው፣ ወዳጅ የሚያጽናናበት ቃል የለውም። ሽማግሌው ወደ ዱረቲ ዞሩ።

"ታዲያ ሕጉን ካወቀች ምን ጎደላት? ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?"

"ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት ልናገር? ሕጉን አስተማሩን እንጂ ቋንቋውን አላስተማሩንም።"

"ምን ማለትሽ ነው!" አሉ፣ የድሮው ቁጣቸው መለስ ብሎ። "ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሲሆን ግሡ ላይ ‹ኤስ› እንደሚጨመር ሳላስጠና? በመከናወን ላይ ላለ ድርጊት ‹ኢንግ› እንደሚገባ ሳላስጠና ቀርቼ ነው? ሕግ የሌለው ቋንቋ ማገር የሌለው ቤት ነው!"

"ይጠና ጋሼ፣ ማን ይቅር አለ? ግን እንዴት እንደሚመሠረት አውቆ መቼ እንደሚባል አለማወቅ፣ መድኃኒት ቀምሞ የየትኛው በሽታ እንደሆነ አለማወቅ ነው።"

ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። አንዲት ሴት ማንጎ በሳፋ ይዛ መስኮቱ ሥር መጣች። ዱረቲ በኦሮምኛ፣ "እህቴ፣ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ማንጎ እሸጣለሁ።"

"አሁንስ ምን እየሠራሽ ነው?"

"አንቺን እየጠበቅኩ ነዋ! ትገዣለሽ ወይስ አትገዢም?"

ተሳፋሪው ሳቀ። ዱረቲ ማንጎ ገዝታ ወደ መምህሯ ዞረች።

"ሰሙ? ሁልጊዜ የምትሠራውንና አሁን እየሠራች ያለችውን ለየች። ማን ሕግ አስጠናት? ኦሮምኛችንም አማርኛችንም ይህን ይለያሉ። ‹አውቃለሁ› እንላለን እንጂ ማን ‹እያወቅኩ ነው› ይላል? እንግሊዝኛውም ማወቅን፣ መውደድን፣ ማመንን ‹ኢንግ› አያስገባባቸውም። ልጁ የሚያውቀውን ይዘን ብንነሳ ግማሹን መንገድ ሄደናል።"

"ማንጎ ሻጯ ቋንቋዋን ከእናቷ ሰማች። እንግሊዝኛን ግን ተማሪው ከማን ይስማ? ከእኔ በቀር ማን አለው?"

"ከእርስዎስ ምን ሰማን ጋሼ? በአማርኛ የተነገረ ሕግ ሰማን።"

መምህር ሠርፀ መንገዱ ዳር ያለውን የበቆሎ ማሳ ሲያዩ ቆዩና ለሚስታቸው እንኳ ያልነገሩትን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"አንድ ጊዜ ፈረንጆች ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ መጡ። ርዕሰ መምህሩ እኔን ሊያስተዋውቅ ሲፈልግ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ እስኪሄዱ ድረስ ከተሰበሩ ዴስኮች ጀርባ ቆሜ ዋልኩ። መናገር እፈራለሁ፣ ልጄ። ሕጉን ያጠበቅኩት ፍርሃቴን ልሸፍንበት ነው። የሚናገር ተማሪ ቢመጣ እኔን ያጋልጠኝ ነበር፤ ስለዚህ አፋቸውን ዘጋሁ። የልጄንም ዘጋሁት።"

ዱረቲ እጃቸውን ያዘች። ጉቴ ሲደርሱ ስታስተምር ሊያዩ አብረዋት ወረዱ። ከሰዓት፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጠው ክፍሏን አዩ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በእንግሊዝኛ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፦ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ? እናትህ አሁን ምን እየሠራች ይመስልሃል? እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖርክ? ይሳሳታሉ፤ የሚስቅባቸው የለም። ዱረቲ ሕጉን ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ልጆቹ ከተናገሩ በኋላ ነው።

"ረትተሽኛል አልልሽም፤ አስተምረሽኛል" አሏት ሲወጡ። "እንዲህ የተማረ ልጅ ፈታኝ ፊት አይደነግጥም። ነርስ ቢሆን፣ ታማሚው መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ መሆኑንና አሁን እየወሰደ መሆኑን ለይቶ ይጽፋል፤ ይህ ደግሞ ነፍስ ያድናል። ከሁሉ በላይ ከአፉ ጋር አይጣላም። እኔም ከፈቀድሽልኝ በየቅዳሜው ልምጣ፤ ከልጆቹ ጋር ልሳሳት።"

ከትምህርት ቤቱ በር ሳይርቁ አዜብ ጋ ደወሉ።

"ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ምንም አልጎደለሽም፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ያጎደልኩት።"

"ይህን ለማወቅህ እኔ መዋረድ ነበረብኝ አባዬ?" አለችና ዘጋችው።

መምህር ሠርፀ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ከጉቴ ልጆች ብዙዎቹ ሳይፈሩ መናገር ጀምረዋል። ያስተማሯቸው የቀድሞዎቹ ግን በየከተማው ተበትነዋል፤ ማንም ሰብስቦ አይመልሳቸውም። አዜብም ስልካቸውን አታነሳም።