የጠንካራዋ መንታ መድኃኒት

በቀደም ታዝላ የመጣችው ከመንታዎቹ ጠንካራዋ መሆኗን ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ ዲላ ውስጥ ከኤች አይ ቪ ጋር የተወለዱ ሕፃናትን የምከታተል ነርስ ነኝ። እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከጪጩ የሚመጡ መንታ እህትማማቾች አሉ። ትዕግሥትን በሽታው ገና ከጅምሩ ጎድቷታል፤ ምሕረት ግን መድኃኒቷን እየወሰደች ትቦርቅ ነበር። አሁን ትዕግሥት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ፣ እሷው እናቷ ጀርባ ላይ ዝላለች፤ ክብደቷ ወርዷል፣ አፏ በነጭ ቁስል ተሞልቷል።

«መድኃኒቷን አትወስድም እንዴ?» አልኳት እናትየዋን።

«የሷን ለትዕግሥት ነው የምሰጠው፣ ሲስተር» አለችኝ፣ ደግ እንደሠራ ሰው ቀና ብላ። «ለቡናም እኮ ፍግ የምንጨምረው ለደካማው ችግኝ ነው። ይቺ ጠንካራ ናት ብዬ።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፤ ምሕረትን አጠንክሮ ያቆያት ያው መድኃኒት እንደነበረ፣ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደሚበረታ፣ ለትዕግሥትም እጥፍ መውሰዱ እንደማይጠቅማት። ከዚያ ሁለቱን ልጆች በየተራ አየቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤

«እንግዲያው አሁን የትዕግሥትን ለምሕረት ልስጣት?»