ለቅሶ ላይ ያልተጠየቅሁት ጥያቄ

የፖለቲካ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ሰዎች በብሔር ተቧድነው መፈራራት ሲጀምሩ ዴሞክራሲ ለምን እንደሚንገዳገድ አጠናለሁ። ለዚህማ ሩቅ ምን አስኬደኝ ብዬ፣ እዚሁ ላፍቶ የኮንዶሚኒየማችን እድር ስብሰባ ላይ ተነሳሁና ጎረቤቶቼን "ላነጋግራችሁ ፍቀዱልኝ" አልኳቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ። "መጀመሪያ አንቺ ብሔርሽን ንገሪን። በዚህ ዘመን ሰው ሳያውቁ አፍ መክፈት ጣጣ አለው።"

ደሜ ፈላ። "አልናገርም!" አልኩ። "ጋሼ፣ ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን አብረን ተከልን። እስከ ሠልስት ከጎንዎ አልተለየሁም። ንፍሮ አዞርኩ፤ እህል ቅመሱ ብዬም ለመንኩዎት። ያኔ ብሔርሽ ምንድን ነው አላሉኝም።"

"እሱ ለቅሶ ነው፤ ይሄ ፖለቲካ ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"እንግዲያው ጥናቴን ከእርስዎ ልጀምር። አብሮ ለመቅበር ያላስፈለገዎት ነገር አብሮ ለማውራት ለምን አስፈለገዎት?" አልኩና መልስ ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም ብዬ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ።

ስብሰባው ተበተነ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ጋሽ ታደሰ በሩን ገርበብ አድርገው ተመለሱና ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

"ፈርቼ ነው" አሉኝ።

"እኔም ፈርቻለሁ ጋሼ" አልኳቸው። "ግን አሁንም አልነግርዎትም።"