ዶቅማው ሲያፈራ

ከአምቦ ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ሃዋኒን አገኘኋት። የጎረቤቴ የአመዩ ልጅ ናት፤ ተምራ ጭልሞ ደን ውስጥ ትሠራለች። እኔ የባሕር ዛፍ ችግኝ ታቅፌያለሁ፤ እሷም ሌላ ችግኝ።

«አካም ጅርቱ፣ አዮ ወርቅቱ? ኦቦ ገቢሳ እንዴት ናቸው?» ስትል እንደ እናት ሰላም ብላኝ ባሌን ጠየቀች።

«ተኝቷል።»

«እኩለ ቀን ላይ?»

«ለሱ አልነጋም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሯችን ውስጥ ትልቅ ዶቅማ ነበር። ፍሬውን የሚለቅሙት ወፎች ጎህ ሲቀድ ይንጫጫሉ፤ ያሰጣሁትን ነጠላ ወይን ጠጅ ቀለም ያለብሱታል። ደርግ የወደቀ ጊዜ አገሩ ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ፣ እኔም አስቆረጥኩትና ባሕር ዛፍ ተከልኩበት። ባሌ ገቢሳ ያን ቀን ትንፍሽ አላለም። ኋላ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ወፍ ካልሰማ ነግቷል ብዬ ብጮኽበትም አያምንም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እህል የሚቀምሰው በግድ ነው።

«ይህን ዶቅማ ይትከሉላቸው» አለችኝ ሃዋኒ።

«ለወፍ ብዬ? ወፍ ግብር ይከፍልልኛል?»

«ጎመንዎን ምን ጨረሰው?»

«ትል።»

«ትሉን ማን ይለቅመው ነበር? የውኃ ጉድጓድዎስ?»

«ደርቋል።»

«ባሕር ዛፉ ጠጥቶት ነው። አዮ፣ ፍሬ ያለው ዛፍ ወፍ ይጠራል። ወፉ ትሉን ይበላል፣ ዘሩንም ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ጥላው ለእርስዎ፣ ፍሬው ለሰፈሩ ልጆች።»

«ደመወዝሽን በከንቱ አትበይም። መች ያፈራል?»

«ስምንት፣ አሥር ዓመት።»

«ገቢሳ አሥር ዓመት አለው?»

ዋሽታ ብታጽናናኝ ኖሮ ከነችግኟ እዚያው ትቻት እሄድ ነበር።

«ላይኖራቸው ይችላል» አለች። «የቆረጡትን ማን ነበር የተከለው?»

«የገቢሳ አባት።»

«እሳቸውስ ሲያፈራ አዩት?»

አላዩም። ባሕር ዛፌን ቦይ ውስጥ ወርውሬ ዶቅማዋን ተቀበልኩ።

ጓሮ ስቆፍር ገቢሳ ከውስጥ ሰማኝ።

«አሁን ደግሞ ምኑን ልትቆርጪ ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት አፍኖት የኖረው ነገር ይሄ ነበር።

«እየተከልኩ ነው።»

«ምን?»

«ዶቅማህን።»

ሳቀ። «ደግ። ሲያፈራ ቀስቅሺኝ።»

መስቀል ሳይደርስ ገቢሳን ቀበርነው።

እናንተ የምታነቡ፣ ጓሯችሁ ውስጥ ፍሬ ያለው ዛፍ ትከሉ። ወፎቹ ከመጡ ወዲህ ጎመኔ ከትል ተርፏል። ባሕር ዛፉን ካስነቀልኩ በኋላም ጉድጓዴ ውኃ አሳይቷል፤ የሃዋኒ ልጆች አፋቸው ጠቁሮ ይውላል። ነጠላዬ ተበላሽቷል፤ ይበላሽ። ግን የሚሰማው ሰው በሕይወት ሳለ ትከሉ። እኔ ዘገየሁ።

ዶቅማው ዘንድሮ አፈራ። ወፎቹ ገና ጎህ ሲቀድ መጥተው ጩኸታቸው ቤቱን ሞላው።

ማንን ልቀስቅስ?