በክብ የፈረምንበት ማመልከቻ

በኛ ጊዜ፣ ሰሎሜ፣ አለቃ ሲሰድብሽ "ሰደበኝ" አይባልም ነበር፤ "አረመኝ" ነው የሚባለው። እና አንቺ የሒሳብ ሥራ ከያዝሽ ሁለት ወር ሳይሞላሽ "አለቃዬ ሲጮህብኝ ምሳ መዋጥ አቃተኝ" ብለሽ ስታለቅሺ፣ እናትሽም "አክስትሽን ጠይቂያት፣ እሷ ሠላሳ ዓመት ችላ ኖራለች" ብላ ስትልክሽ፣ እኔ ምን ልበልሽ? መቻሌን ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዴት እንደቻልኩት ግን ለእናትሽም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለአንቺ እነግርሻለሁ፣ ግን ስናገር ፊቴን አትይኝ። ወደ መስኮቱ ዙሪ። እንደሱ።

ታዲያ ዲፕሎማዬን ይዤ እዚሁ ጅማ አንድ የቡና ግዢ መሥሪያ ቤት በረዳት ሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ስሙን ተዪው፣ ዛሬ የለም። አለቃችን አቶ ጌታሁን ይባላል። ውጭ ስታገኚው ጨዋ ሰው ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ጎንበስ ብሎ። ቢሮ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። አንዲት ቁጥር ከተሳሳትሽ፣ አንዲት ቁጥር፣ "መዝገቡን ያዢና ኮሪደር ላይ ቁሚ!" ይልሻል። እና ያንን ትልቅ መዝገብ ታቅፈሽ እስከ ምሳ ሰዓት ትቆሚያለሽ። ከሰኮሩ፣ ከደዶ ቡና ያስረከቡ ገበሬዎች ይመጡና "ምነው ልጄ፣ ወንበር ጠፋ?" ይሉኛል። "አይ፣ መቆም ስለምወድ ነው" እላለሁ። ምን ልበል? አንድ ሽማግሌማ አዝነውልኝ ከዘበኛው ዱካ ይዘው መጡ፤ ያን ጊዜ አቶ ጌታሁን ብቅ አለ። "ለእቴጌይቱ ዙፋን መጣላቸው እንዴ? ትራስስ?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሰሎሜ። በራሴ ላይ።

ገንዘብ ያዣችን አዴ ዘይነባ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው። ኮሪደር ላይ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሰበብ ፈልገው ይወጡና አጠገቤ ይቆማሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ኢንታላ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን" ይሉኛል፤ ልጄ፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት የናሙና ቡና የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ ነበር የማለቅሰው።

ታዲያ አንድ ቀን "ለዋናው መሥሪያ ቤት እንክሰሰው" አልኩ። ይሄን ልብ በዪልኝ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። አዴ ዘይነባ "ተዪ" አሉ። "አንቺ የሙከራ ጊዜሽን እንኳ አልጨረስሽ፣ መጀመሪያ ቋሚ ሁኚ። እኔም ብሆን ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው።" ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ተኝተው ነበር ባለቤታቸው። እኔ ደግሞ "እንግዲያው ብቻዬን ፈርሜ እልከዋለሁ!" አልኳቸው። ጉራዬን አየሽ! እና ብቻዬን እንዳልጠቃ ብለው እሺ አሉ፣ ለኔ ብለው። ዘዴውንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። "ከላይ የፈረመ ሰው ጠንሳሽ ተብሎ ይያዛል፣ ስለዚህ በክብ እንፈርም፣ መጀመሪያም መጨረሻም አይኑረው" አሉ። ማመልከቻውን ወረቀቱ መሃል ላይ ጻፍኩት፣ ዙሪያውን አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። ተላላኪያችን ጋሽ ከድርም ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሲያምር! "አሁን ማንን ይይዛል?" ተባባልን። ከአሥራ አንዳችን አንድ ሰው እንኳ፣ በክቡ መሃል ያለው ጽሑፍ የማን እጅ እንደሆነ አላሰበም። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በኔ እጅ እየተጻፈ!

እና ዋናው መሥሪያ ቤት ምን አደረገ መሰለሽ? ማመልከቻውን መልሶ ላከው። ለማን? ለራሱ ለአቶ ጌታሁን። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ለአቶ ጌታሁን፤ አጣርተው መልስ ይስጡበት" ብለው መርተውለት።

— የተከሰሰው ሰው ራሱ እንዲያጣራ?

ራሱ እንዲያጣራ። ታዲያ አስጠራኝ። ማመልከቻውን ከመዝገቡ ጎን ዘርግቶታል። አልጮኸም። ጩኸቱን ለምጄው ነበር። "ተቀመጪ" አለኝ፤ ተቀመጪ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

"የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል" አለ።

ዓይኔ መዝገቡ ላይ ሄደ፤ ያው የኔ እጅ ነው።

"ይሄ ግን ካንቺ ጭንቅላት የወጣ አይደለም። አንቺ ልጅ ነሽ። የቋሚነት ደብዳቤሽ ይኸው፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ማን አስጻፈሽ? አንድ ስም።"

"ማንም አላስጻፈኝም፣ እኔው ነኝ" ማለት ነበረብኝ። እውነቱም እሱ ነው። አባታችን ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም፣ እናትሽ ተማሪ ናት፣ ቤቱ የሚበላው በኔ ደሞዝ ነው፤ ግን አልዋሽሽም፣ ያን ሰዓት እነሱን አላሰብኩም። ያሰብኩት ያንን ኮሪደር ነው።

"አዴ ዘይነባ" አልኩ።

ፈረመልኝ።

በሳምንቱ አዴ ዘይነባን ደዶ ወዳለው የቡና መሰብሰቢያ ጣቢያ አዛወራቸው። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ። ሰኞ ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ፣ ባለቤታቸውን ጎረቤት ነው የሚያገላብጥላቸው። እና አንድ ሐሙስ ጠዋት አረፉ ሰውየው። በእስልምናው ወግ ሬሳ አያድርም፣ አዴ ዘይነባ መኪና አግኝተው እስኪደርሱ ተቀብረዋል። ለቅሶ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ሴት መሃል እጄን ያዙና "ቋሚ ሆንሽ አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። በለቅሷቸው ላይ!

እኔማ ኮሪደር ላይ መቆም ቀረልኝ። ግን ሰኞ ሰኞ ያስጠራኛል። "ተቀመጪ። እስቲ፣ ምን ይወራል?" እና እነግረዋለሁ። አራት ዓመት፣ ተዛውሮ እስኪሄድ ድረስ ነገርኩት። ቻለች የሚሉሽ ይሄን ነው።

— አዴ ዘይነባ ሳያውቁ ቀሩ?

የከፋውን ስሚኝ። አምና፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሳልሞት ልናዘዝ ብዬ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። "አዴ፣ ያ ማመልከቻ..." ብዬ ስጀምር "ተዪው፣ ማን እንደተናገረ አውቃለሁ" አሉ። አለቀልኝ፣ ደግሞም ተገላገልኩ አልኩ።

"ከድር ነው" አሉ። "ሻይ ሊያደርስ ጌታሁን ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ሌላ ማን ነበር? እስኪሞት ሰላምታ ነፈግኩት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ፣ 'ምን በድያት ነው? ጥፋቴን ብቻ ትንገረኝ' እያለ። በሬን አልከፈትኩም። ባለፈው ረመዳን ሞተ። አሁን አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አላህ ይማረው።"

እና እኔ ምን አልኩ? እውነቱን ማውጣት ሲገባኝ ምን አልኩ? "አላህ ይማረው" አልኩ። የያዝኩላቸውን ስኳር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ስለዚህ ሰሎሜ፣ ምክር ከኔ አትጠብቂ። ያ ሰው እንደሚያዋርደኝ አውቅ ነበር። እንደ ራሱ እንደሚያደርገኝ ግን አላወቅኩም።

— አክስቴ... አዴ ዘይነባ እኮ ዛሬም አሉ፤ ሰቶ ሰመሮ ከዚህ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።

አውቃለሁ ልጄ። ሁልጊዜም አሥር ደቂቃ ነበር።