እንግዳ እንዳይቀየም

ሰሞኑን አንድ ፈረንጅ ይዤ ከሐርቡ በላይ ወዳለች መንደር ወጣሁ። ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው የፊንላንድኛ ዘመድ የሆኑ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የቀሯቸውን ቋንቋዎች ሲቀርጽ ነው። አሁን ደግሞ አርጎብኛ ልቅረጽ ብሎ መጣ፤ እኔ ከደሴ የወሰደኝ አስተርጓሚ ነኝ። በመንደሩ ቋንቋውን የሚናገሩት እማማ ዘይነባና ወንድማቸው ብቻ ናቸው ተባልን። ቤታቸው ገብተን መቅረጫው ሲከፈት ሁለቱም በአማርኛ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። "በአርጎብኛ ተጫወቱ እንጂ!" እላለሁ። "እሺ ልጄ" ይሉና ተመልሰው አማርኛ። ረፋዱ እንዲሁ አለቀ፤ እኔም ሰለቸኝ።

"እማማ፣ ቋንቋውን ረሱት እንዴ?"

"ኧረ ወላሂ አልረሳሁም! እንግዳ ፊት የማይሰማውን እንዴት እናወራለን? አሙኝ ብሎ አይቀየምም?"

"የልጅ ልጆችዎስ ታዲያ ለምን አይችሉም?"

"ምራቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ስትመጣ ሆድ እንዳይብሳት ብለን፣ እስክትለምደን ድረስ አማርኛ እናውራ ተባባልን።"

ይህን እያሉ አንዲት ሴት ከጓዳ ብቅ አለች። እማማ ዘይነባ ደንገጥ ብለው "ነይ ቁጭ በይ፣ እያማንሽ አይደለም" አሏት። እኔም ለፈረንጁ፣ ቋንቋውን የተዉት ለእንግዳ ምራታቸው ብለው ነው ስል ተረጎምኩለት። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ "እንግዳዋ የታለች?" አለኝ።

ጸጉሯ ከአማቷ እኩል የሸበተውን ምራት በአገጬ አሳየሁት።