መርዶ ላለመንገር የደበቅኩት ካርታ

እጄ ለካርታ ፈጣን ነበር፤ ያጠፋኝም እሱ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንጋጫ ከተማ ሦስት ጓደኛሞች እናስተምር ነበር። አንዱ፣ ሎምባሞ፣ በክረምቱ ዕረፍት ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ። ሆመቾ ላሉት እናቱ ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ መርዶ የሚያረዳ ከእኔና ከታደሰ አንዳችን ነበርን። ታደሰ ሴትዮዋን አያውቃቸውም። እኔን ግን ከልጃቸው ጋር አንድ ቡልኮ አልብሰው ነው ያሳደጉኝ። ፊታቸውን ማየት ፈራሁና፣ “በካርታ እንጣጣል፤ ትልቅ የሳበ ይቀራል” አልኩት። ስበውዝ የንጉሡን ካርታ መዳፌ ውስጥ ሸሸግኩ። ታደሰ ስድስት ሳበ። እኔ የምስብ መስዬ ንጉሡን ገለጥኩ። አንዴ ካርታውን፣ አንዴ እጄን አየና ኮቱን ለበሰ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። “ምን አሉ?” አልኩት።

“ልጃቸውን ካረዳናቸው በኋላ አንተን ጠየቁኝ። ደህና ነው ብላቸው አላመኑኝም። ‘በሕይወት ቢኖርማ እሱ ራሱ ይመጣ ነበር፤ አትደብቁኝ’ አሉ። ሽማግሌዎቹም ቢነግሯቸው እምቢ አሉ። ለሁለታችሁም ነው ያለቀሱት።”

አለሁ ልበላቸው ብዬ ሁለቴ መንገድ ላይ እስካለችው ሆሳዕና ከተማ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ካለህ የት ነበርክ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? እሳቸውም ሁለት ልጅ እንደሞተባቸው አረፉ።